ቀንዱ በመጨረሻ

በመስቀል ሰሞን ዱራሜ ላይ ማለዳ የወጣ ሰው በየሰፈሩ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎ ያያል። ቅጠሉ ላይ ያለው ከአንድ ሰዓት በፊት በሬ ነበር፤ አሁን መደብ ሆኗል። ከምባታዎች በዓሉን መሳላ ይሉታል። ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅሙ ከርመዋል። ስለዚህ በዚያ ቅጠል ላይ የተዘረጋው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ የአሥራ ሁለት ወር ቁጠባም ነው። የዓመት ቁጠባውን ለውሻ የሚጥል ሰው ደግሞ የለም።

የቅርጫ ሕግ አልተጻፈም፤ የሚያፈርሰው ግን አላየሁም። ሻኛው ለአንድ ሰው አይሄድም፤ ተቆራርጦ በየመደቡ ይገባል። ጭቅናውም እንዲሁ። ታፋው፣ ወርቹ፣ ጎድኑ፣ ፍሪምባው ይበለታል። ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ ኩላሊቱ፣ ሳንባው ሳይቀር ይከፋፈላል። ሚዛን የለም፤ ሚዛኑ የአዛውንቱ ዓይን ነው። አዛውንቱ ከአንዱ መደብ ቁራጭ አንስተው ወደ ሌላው ይወረውራሉ፣ ራቅ ብለው ያያሉ፣ እንደገና ይመለሳሉ። በቃ ሲሉ ዕጣ ይወጣል። ከዚያ በኋላ «የእኔ አነሰ» የሚል ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማኅበር ይፈልግ።

የሚተርፈው ቀንዱ ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ወይም አጥሩ ሥር ይጣላል። ድሮ ቢሆን ዋንጫ ይሆን ነበር፤ ዋንጫ ማለት እኮ የቀንድ መጠጫ ነው። ዛሬ ቃሉ ኳስ ሜዳ ገብቶ ቀርቷል። የሀምበሪቾ ኳስ ቡድን ደጋፊ ዋንጫ ሲል ጠጅ አያስብም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ኮሎራዶ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ባለፈው መስቀል ስለደወለ ነው። ለአጎታችን እንኳን አደረሰዎ ብሎ፣ የቤተሰቡን ጤና ጠይቆ ሲጨርስ ጨዋታው እንዲህ ሄደ፤ ስልኩ ድምፁ ተለቆ ስለነበር ሁላችንም ሰምተናል።

«ጋሼ፣ እኔም ዘንድሮ አደን ወጣሁ እኮ። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሆነን ኤልክ ጣልን።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዋላ ነው። ግን በሬ የሚያክል።»

«ማን አረደው?»

ማዶ ዝም አለ። «በጥይት ነው ጋሼ የሞተው። ስንደርስ ነፍሱ ወጥታለች።»

«እንግዲያ አልበላሁም በለኛ!»

«አራት ጊዜ ተሸክሜ ወጥቼ እንዴት አልበላም?»

አጎቴ ስልኩን ለእኔ ሰጥተው ወደ መደቡ ተመለሱ። እኔ ግን ከሁለቱ ጥያቄዎች መላቀቅ አቃተኝ። አጎቴ የጠየቁት «ማን አረደው?» ነው። ልጁ ለመከራከሪያ ያቀረበው ደግሞ «ማን ተሸከመው?» የሚለውን ነው። ስለ አንድ ሥጋ እያወሩ አልተገናኙም።

የልጁን ነገር ላስረዳ። ኤልክ በሰሜን አሜሪካ ተራሮች የሚኖር ትልቅ የዋላ ዘር ነው፤ ወንዱ 300 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። አዳኞቹ መኪና የማይገባበት ጫካ ውስጥ በእግር ገብተው ነው የሚያድኑት። ጥይቱ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው፤ ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቆዳው ቶሎ ይገፈፋል፤ ካልተገፈፈ የሰውነቱ ሙቀት አምቆ ይይዝና ሥጋው ከታፋው አጥንት ጀምሮ ይበላሻል። ሁለቱ ታፋ፣ ሁለቱ ወርች፣ የሽንጡና የጭቅናው ሥጋ ወጥቶ አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ይሞላል፤ ጥላ ሥር ይሰቀላል። አጥንቱ ሲወጣለት እንኳ ወደ 100 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይቀራል። አንድ ሰው በተራራ መንገድ በጀርባው 30 ኪሎ ቢችል ነው። መኪናው 8 ኪሎ ሜትር ርቆ ቆሞ እንደሆነ አስቡት፤ ሥጋውን ብቻ ለማውጣት አራት ጊዜ ጭኖ መውጣት፣ ሦስት ጊዜ ባዶ ጀርባ መመለስ አለ። 56 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የሀምበሪቾ ተራራን 777 ደረጃ አንድ ጊዜ ወጥቶ ጉልበቱን ለሳምንት ያሸ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ቀንዱስ? በአላስካ ሕጉ ግልጽ ነው፤ የሚበላው ሥጋ ሁሉ ሳይወጣ ቀንዱ ከተገደለበት ቦታ አይንቀሳቀስም፤ ቢፈጥን ከመጨረሻው የሥጋ ሸክም ጋር ነው የሚወጣው። በኮሎራዶ ደግሞ ራሱን ወይም ቀንዱን ብቻ ወስዶ ሥጋውን ጥሎ መሄድ ከባድ ወንጀል ነው፤ እስር አለበት። ሕግ አውጪዎቹ የሰውን ልብ ያወቁ ይመስለኛል። ቀንዱን መጀመሪያ ያወጣ ሰው፣ እግሩ ዝሎ ማታ መኪናው ውስጥ ሲቀመጥ፣ ለሥጋው እንደማይመለስ ያውቃሉ።

ይህ ሕግ ከሰማይ አልወረደላቸውም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በዚያው አገር ነጋዴ አዳኞች ኤልክን ለቆዳውና ለምላሱ ብቻ ይፈጁት ነበር። የሎውስቶን እ.ኤ.አ. በ1872 ብሔራዊ ፓርክ ከተባለ በኋላ እንኳ በፓርኩ ውስጥ ሬሳው በየሸለቆው ተከምሮ ይታይ ነበር፤ አደን የተከለከለው በ1883 ነው። አንድ ጊዜ ወደ 10 ሚሊዮን ይገመት የነበረው ኤልክ በ1900 ገደማ ከ100 ሺህ በታች ወርዶ ነበር። የዛሬው አዳኝ ሸክሙን የሚቆጥረው አያቶቹ ስላልቆጠሩ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። በእኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ቀንዱ መጀመሪያ ነው የሚወጣው። እንዲያውም ቀንዱ ብቻ ነው የሚወጣው።

«ግዳይ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። ግዳይ ሥጋ አይደለም፤ ማስረጃ ነው። ዝሆን የጣለ ሰው ጅራቱን ቆርጦ፣ ጥርሱን አስነቅሎ፣ እየፎከረ ይገባል። አገር ይወጣል፣ እልል ይባላል፣ ራሱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። ጆሮውን ተበስቶ ሎቲ ያጠልቃል። አንበሳ የገደለ ጎፈሩን ራሱ ላይ ይደፋል። ዝሆን መግደል በጦር ሜዳ ጠላት ከመግደል ጋር በአንድ መዝገብ ይቆጠር ነበር። ከዚህ ሁሉ ሥነ ሥርዓት ውስጥ አንድ ሰው «ሥጋውስ?» ብሎ የጠየቀበት ቦታ የለም። በቶን የሚቆጠረው ሥጋ ለጅብና ለጥንብ አንሳ ይቀራል። ጥርሱ ግን መንገዱን ያውቃል፤ በሐረር በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሐረር ተቀምጦ የነገደው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ከቡናና ከቆዳ ጋር የዝሆን ጥርስም ይሸጥ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሥጋው የተጣለው በስንፍና አይደለም። ክርስቲያኑ የኦሪትን መለያ ይዟል፤ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ የማያመሰኳ አይበላም። ዝሆንም፣ ጉማሬም፣ ከርከሮም በዚህ ወደቁ። ሙስሊሙም የራሱ መለያ አለው። የሚበላውም ቢሆን፣ ዋላና ሚዳቋ በኦሪት ተፈቅደዋል፤ ነገር ግን ነፍሱ ሳትወጣ ተደርሶበት፣ ስመ እግዚአብሔር ተጠርቶ፣ ደሙ መፍሰስ አለበት። ኦሪት ዘሌዋውያን አዳኙ የእንስሳውን ደም አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍነው ሁሉ ያዝዛል፤ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ትልቅ ነገር ሆኖ ይታየኛል። ስለዚህ የአጎቴ ጥያቄ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። «ማን አረደው?» ማለት «ይህ ነፍስ በሥርዓት ነው ወይ የወጣው?» ማለት ነው።

ጉዱ ያለው ከዚያ ቀጥሎ ነው። የማይበላን እንስሳ መግደል ለምን አልተነወረም? አትብላ የሚለው ሕግ አትግደልም ቢያስከትል ኖሮ ስንት ዝሆን በተረፈ! እኛ ግን መብላቱን ኃጢአት፣ መግደሉን ጀግንነት አደረግነው። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1909 የአደን ደንብ ያወጡት በተለይ የዝሆኑ ነገር ስላሳሰባቸው ነው። ዛሬ የዱራሜ ሰው ዝሆን ማየት ቢያምረው ከኦሞ ማዶ፣ በዳውሮና በኮንታ መካከል ወዳለው ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ መሄድ አለበት፤ ያውም ዕድል ካለው።

ሥጋውን የማይጥሉ ሰዎችስ አልነበሩም? ነበሩ። እነርሱን ምን አደረግናቸው የሚለው ነው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

ጣና ሐይቅ ዳር ወይጦ የሚባሉ ሰዎች ይኖራሉ፤ በቅርብ ጊዜ ጥናቶች ነገደ ወይጦ እየተባሉ ይጻፋሉ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ250 ዓመት በፊት ጣናን ሲያይ ስለ እነርሱ ጽፏል፤ ያኔ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግን ቋንቋው ጠፍቶ አማርኛ ብቻ ነበር የሚናገሩት። ሥራቸው ጉማሬ ማደን ነበር። ከደንገል በሠሩት ታንኳ ላይ ሆነው በጦር ይገጥሙታል። ጉማሬ ከ1 ቶን በላይ የሚመዝን፣ ታንኳን በአንድ ንክሻ ለሁለት የሚቆርጥ አውሬ ነው። ደንገል ደግሞ ሣር ነው። በሣር ላይ ተቀምጦ ጉማሬ መግጠም ጀግንነት ካልሆነ ጀግንነት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሆኖም ለወይጦ አዳኝ ሕዝብ እልል ብሎ አልወጣለትም፣ ራሱም ላይ ቅቤ አልተደረገለትም።

ለምን ቢሉ፣ በላው። ጉማሬው ወደ ዳር ተጎትቶ ሲወጣ መንደሩ ይሰበሰባል። ሥጋው ይከፋፈላል፣ የተረፈው ቋንጣ ይሆናል። ቆዳው አለንጋና ጋሻ ይሠራበታል። ከዚያ ሁሉ ቶን ውስጥ ለጥንብ አንሳ የሚደርሰው ጥቂት ነው። የኮሎራዶው አዳኝ በሕግ ተገድዶ፣ ክሱን ፈርቶ የሚያደርገውን ወይጦ ያለ ሕግ ሲያደርገው ኖሯል።

ጎረቤቶቹ ግን ርኩስ አሏቸው። ጉማሬ የሚበላ ሰው የነካው ዕቃ አይነካም፤ ከእነርሱ ጋር መብላት፣ መጋባት አይታሰብም። ሙስሊም ነን ሲሉ ሌላው ሙስሊም ሥጋውን አይቶ ከእኔ አይደላችሁም አላቸው። ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ማዕድ ወጥተው በሐይቁና በመሬቱ መካከል ባለችው ጠባብ ዳርቻ ቀሩ።

አሁን አለንጋውን አስታውሱ። የጉማሬ አለንጋ በአገሩ የታወቀ ነው። የጌታው በቅሎ የሚነዳው በእርሱ ነበር፤ ወንጀለኛ የሚገረፈው በእርሱ ነበር። ሥጋውን የበላው ሰው እጅ ያለፋውን ቆዳ ለመያዝ የተጠየፈ መኳንንት አልተሰማም። በታንኳቸው እህልና እንጨት ይጫናል። ወፍጮ ድንጋይም ይጠርቡ ነበር፤ በእነርሱ ድንጋይ የተፈጨ እህል ግን አልረከሰም። ርኩሰቱ የሚመርጠው ነገር ነበረው። ያገለገለን አልነካም፤ አብሮን ሊበላ የመጣውን ብቻ ነካ።

ወይጦዎችን መላእክት ማድረጌ አይደለም። ያደኑት ርቧቸው ነው፤ መሬት ስላልነበራቸው ነው። ጦር የያዘ ሰው እስከቻለ ድረስ ይገድላል፤ ጉማሬውም በጊዜው ተመናምኗል። አደኑ በሕግ ሲከለከል ኑሯቸው ወደ ደንገሉና ወደ ቅርጫት ሥራ ዞረ። አሁን ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ በሞተር ጀልባ ዐባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ሄዶ ጉማሬ በሩቁ አይቶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ትንሽ የደንገል ታንኳ ለመታሰቢያ ይገዛል። የሚገዛት ከማን እንደሆነ አይጠይቅም። ይህም አንድ ዓይነት ግዳይ ነው መሰለኝ።

ጣና ሩቅ ነው ትሉ ይሆናል፤ እንግዲህ ወደ ራሳችን ደጅ። በከምባታም፣ በሀዲያም፣ በጉራጌም ሸክላ የሚሠሩ፣ እንጨት የሚጠርቡ፣ ቆዳ የሚፍቁ ሰዎች ፉጋ ሲባሉ ኖረዋል። ቃሉን የጻፍኩት ታሪኩን ያለ እርሱ መናገር ስለማይቻል ነው፤ ለተጠራበት ሰው ስም ሳይሆን ስድብ ነው። ሰዎቹ የሚያርሱት የራሳቸው መሬት አልነበራቸውም። ወደ ቤት አይገቡም ነበር፤ በር ላይ ቆመው ምግብ በእንሰት ቅጠል ላይ ይሰጣቸው ነበር፤ ዕቃ ነክተው እንዳያረክሱ ማለት ነው። ጋብቻ ጭራሽ አይነሣም ነበር። ምክንያቱ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ያው ነበር፤ የዱር አውሬ ይበላሉ፣ ሳይታረድ የሞተ ከብት ይበላሉ። አሉላ ፓንክረስትና ዲና ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2001 ያዘጋጁት የጥናት መጽሐፍ በደቡብ ኢትዮጵያ እንዲህ የተገለሉ የእጅ ሙያተኞችንና አዳኞችን ከየብሔረሰቡ ሰብስቦ ያሳያል። ገጾቹን የገለጠ ሰው አንድ ክስ በየቦታው ሲደጋገም ያያል። የመብል ክስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅ። መሬት የከለከልነው፣ ከብት የሌለው፣ ቅርጫ የማይገባ ሰው ሥጋ ከየት ያምጣ? በሬያችን በበሽታ ሲሞት እንድንጥለው ያደረገን ሥርዓታችን ነው፤ የጣልነውን ያነሣውን ሰው ደግሞ «የወደቀ በላ» ብለን ከቤት አስወጣነው። መጣሉ የክብር ምልክት ሆነ፤ ማንሣቱ የውርደት። ዝሆኑን ጥሎ ጅራቱን ይዞ የመጣውን ቅቤ የቀባ እጅ፣ የሞተች ጥጃ አንሥቶ ልጆቹን ያበላውን ከደጅ የመለሰ እጅ ነው።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ለእነዚህ ሰዎች በሕግ መሬት አመጣ። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ፣ ሆሳዕና የገቡት የወንጌል መልእክተኞች በአንድ ጣሪያ ሥር በአንድ አግዳሚ ተቀመጡ ማለት ጀምረው ነበር። አግዳሚው ከማዕዱ ይልቅ ቀላል ሆነ። አብሮ መዘመር ቶሎ መጣ፤ አብሮ መብላት ዘገየ፤ አብሮ መጋባት ዛሬም ስንት ቤት ያስለቅሳል። ቸርቾቻችን ውስጥ ስለ ጴጥሮስ ራእይ ብዙ ጊዜ ይሰበካል፤ ከሰማይ በወረደው ጨርቅ ላይ ስላያቸው አራዊት። ጴጥሮስ ራሱ ራእዩን የተረጎመው ስለ ሰው እንጂ ስለ ሥጋ አልነበረም። አንድ ነገር ግን አጎቴን ደስ ይላቸዋል፤ በዚያ ራእይ ውስጥ እንኳ የታዘዘው አርዶ መብላት ነው። አጎቴ ይህን ስነግራቸው «አላልኩህም?» አሉኝ።

ከእርሳቸው ጋር አልጣላም። ጥያቄያቸው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብቻውን ሲቀር ነው የሚከፋው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ላይ ሊጠየቁ የሚችሉበት ቦታ ደግሞ በአገራችን አለ።

የደጋ አጋዘንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አላየሁም የሚል ሰው የድሮዋን 10 ሳንቲም ያገላብጥ። በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ፣ ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ ባሉት በባሌና በአርሲ ተራሮች ነው። ሳይንስ እርሱን ያወቀው በጣም ዘግይቶ ነው፤ እንግሊዛዊው አይቮር በክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 ገድሎ ናሙናውን ላከ፣ ሪቻርድ ሊደከር በ1910 ስም ሰጠው፤ የሳይንስ ስሙ ላይ ዛሬም ገዳዩ አለ። ግዳይ የጣለ ስሙ ሲነሣ ይኖራል ማለት የሐበሻ ብቻ አይደለም ለካ። በአገራችን ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ፈቃድ የሚያገኘው የውጭ አገር አዳኝ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ለአንድ ወንድ አጋዘን ይመጣል። የሚፈልገው ጠመዝማዛውን ቀንድ ነው። ቀንዱ በሜትር ይለካል፣ ይጸዳል፣ በአውሮፕላን ይሄዳል።

ሥጋው አይሄድም። ቢፈልግም አይችልም፤ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ ካለበት አገር የመጣ ጥሬ ሥጋ አሜሪካ አይገባም። ስለዚህ አላስካ ውስጥ በሕግ ቀንዱን መጨረሻ የሚያወጣው ያው ሰው እዚህ ሲመጣ ቀንዱን ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ ሥጋው ተራራው ላይ ባሉት ሰዎች እጅ ይቀራል። ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን እንስሳ ነው። የአካባቢው ገበሬ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ስመ አላህ ሳይጠራበት የሞተውን አይበላም። ክርስቲያኑ ቢያርደው ሙስሊሙ አይቀምሰውም፤ ሙስሊሙ ቢያርደው ክርስቲያኑ እንዲሁ። አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ ጥይቱ ከወጣበት እስከ እንስሳው በሩጫ ካልደረሰ ማንም አይበላውም።

ለእኔ የዚህ አደን ጨዋነት የሚለካው በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። አርዶ የሚያውቅና ጎረቤቶቹ የሚያምኑት የአካባቢው ሰው ከአዳኙ ጎን መኖር አለበት፤ ጠመንጃ ተሸካሚ ሆኖ ሳይሆን በቢላዋው ተቀጥሮ። በቅሎዎቹ መጀመሪያ ሥጋውን ጭነው ወደ መንደር ይውረዱ፤ ቀንዱ ለሁለተኛው ጉዞ ይቆይ። እንግዳው ካምፕ ውስጥ ቀንዱን እየጠበቀ አንድ ማታ ቢያድር ምን ይጎዳዋል? አገሩ ሲገባ ያው ሕግ ይጠብቀው የለ። አጋዘኑን የሚጠብቀው ጫካው ውስጥ የሚኖረው ገበሬ ነው፤ ያ ገበሬ ከሞተው አጋዘን አንድ ቁራጭ ካልደረሰው ለሕያዉ አጋዘን ምን ብሎ ይቆማል? በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ባሌ ላይ ጥበቃው ለጥቂት ጊዜ ሲላላ ስንቱ አጋዘን እንደተገደለ የፓርኩ ታሪክ ያውቀዋል።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ወር እንደገና ደወለ። ኤልኩን ቋንጣ አድርጎት ነበር፤ በበርበሬና በቅቤ ሠርቶ ለኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቹ ሲያቀርብ አንዷ አሮጊት «ማን አረደው ልጄ?» አሉት። ሳቅሁ። ምን እንዳላቸው ጠየቅሁት። «እማማ፣ ማንም አላረደው፤ ግን ከእርሱ ውስጥ የጣልኩት የለም» ማለቱን ነገረኝ። በሉ ወይስ አልበሉም? ሽሮ አዘዙ።

ዘንድሮ ከመስቀል በፊት በነበረው የዱራሜ ገበያ አንዲት ሸክላ ሠሪ ድስቶቿን በሣር ጠቅልላ በጀርባዋ ተሸክማ መጣች። ከቀበሌዋ እስከ ገበያው የስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ትከሻዋ ላይ የገመዱ ምልክት ነበር። አጎቴ ድስቱን አንሥተው በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን ሰሙ፣ ሌላውን አነሡ፣ እርሱንም አንኳኩ። ዋጋ ተከራከሩ። የተስማሙበትን ከፍለው ድስቱን በእቅፋቸው ይዘው ወጡ። በማግስቱ የመደባችን ሥጋ የበሰለው በእርሱ ነው። እርሷ የት እንደ በላች፣ ከማን ጋር ቅርጫ እንደገባች ቤታችን ውስጥ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።